ቆጣሪው የድርጅቱ፣ ሰሌዳው የእርስዎ

ቤት የሚገዛ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው ወጥ ቤቱ፣ መታጠቢያ ቤቱና ጓሮው ላይ ነው። ውጭ ግድግዳው ላይ የተሰቀለችውን የቆጣሪ ሳጥን ከፍቶ የሚያይ ጥቂት ነው። እርስዎ አውስትራሊያ የሚኖሩ ከሆነ፣ ወይም እዚያ ልጅ፣ እህት ወይም ወንድም ካለዎት፣ የዚህ ወር ጉዳያችን ያቺ ሳጥን ናት።

እንዲህ ያለ ነገር ያጋጥማል። የመብራት ድርጅቱ አሮጌውን ቆጣሪ በአዲስ ለመቀየር ቀን ይሰጥዎታል። ከሥራ ሲመለሱ ግን ቆጣሪው እንደነበረ ነው፤ በሩ ላይ አንዲት ወረቀት ተለጥፋለች። ከቆጣሪው ጀርባ ያለው ሰሌዳ አስቤስቶስ ሳይኖርበት ስለማይቀር መጀመሪያ አስቀይሩት ትላለች። ሂሳብ ወደሚልክልዎ ድርጅት ይደውላሉ፤ «የእኛ አይደለም» ይላል። ወደ መስመሩ ባለቤት ይደውላሉ፤ እሱም «የእኛ አይደለም» ይላል። ታዲያ የማን ነው?

የቤቱ ባለቤት ነው። መንገድ ላይ ያለው ምሰሶና ወደ ቤትዎ የሚገባው መስመር የመስመሩ ድርጅት ነው። ቆጣሪው የድርጅት ንብረት ስለሆነ እርስዎ መንካት አይችሉም። ቆጣሪው የታሰረበት ሰሌዳ፣ ሳጥኑ፣ ቫልቮላውና ወደ ቤት ውስጥ የሚሄደው ሽቦ ግን ከቤቱ ጋር አብረው የተገዙ ናቸው። ስለዚህ የማስቀየሪያው ወጪም ከቤቱ ባለቤት ኪስ ይወጣል።

ጉዳዩ አሁን የሚነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ቪክቶሪያ ክፍለ ሀገር ቆጣሪዎቿን ቀደም ብላ ቀይራለች። ኒው ሳውዝ ዌልስ፣ ኩዊንስላንድና ደቡብ አውስትራሊያ ደግሞ አሮጌ ቆጣሪዎችን እስከ እ.ኤ.አ. 2030 በስማርት ሜትር የመተካት ዕቅድ ላይ ናቸው። በየትኛውም ከተማ ቢሆን ሶላር ሲያስገቡ ወይም የመብራት መስመርዎን ሲያሳድሱ ይኸው ሰሌዳ ይመጣብዎታል።

አስቤስቶስ ከመሬት የሚወጣ ማዕድን ነው። እሳት አይበላውም፣ ኤሌክትሪክም በቀላሉ አያሳልፍም፤ በዚህ ምክንያት ለቆጣሪ ሰሌዳ ተመራጭ ነበር። አውስትራሊያ ሙሉ በሙሉ ያገደችው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 31 ቀን 2003 ነው። ከ1990 በፊት በተሠራ ቤት ውስጥ ግን ሊኖር ይችላል ብሎ ማሰብ ይሻላል። ብዙ ጊዜ ሰሌዳው ጥቁር፣ ወፈር ያለና ሬንጅ የመሰለ ነው፤ አንዳንዱ ላይ «ዘለማይት» የሚል የፋብሪካ ስም ይገኛል። ሆኖም በዓይን አይቶ እርግጠኛ መሆን አይቻልም። የሚያረጋግጠው እውቅና ያለው ላቦራቶሪ ብቻ ነው።

አይደንግጡ። ሳይሰበርና ሳይነካ የተቀመጠ ሰሌዳ ያን ያህል አደጋ የለውም። አደጋው የሚመጣው ሲበሱት፣ ሲቆርጡት ወይም ሲፍቁት ነው። ያኔ በዓይን የማይታዩ ክሮች ከብናኙ ጋር ወደ ሳንባ ይገባሉ። የሚያስከትሉት በሽታ፣ የሳንባ ካንሰርም ሆነ የሳንባን ሽፋን የሚያጠቃው ሜዞቴሊዮማ፣ ብዙውን ጊዜ የሚታየው ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ነው። ምዕራብ አውስትራሊያ ውስጥ ዊተኑም የተባለው የአስቤስቶስ ማዕድን ማውጫ የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው፤ በዚያ የሠሩና የኖሩ ሰዎች ግን ከዚያ በኋላ ለረጅም ዓመታት ሲታመሙና ሲሞቱ ኖረዋል። ዛሬ በአንድ ቀዳዳ የተነሳ ብናኝ ነገ ማንንም ላያስል ይችላል፤ ይህ ነው ሰውን የሚያዘናጋው።

ስለዚህ «አንድ የማውቀው ልጅ አለ፣ በግማሽ ሰዓት ይጨርሰዋል» የሚለውን ምክር አይስሙ። አውስትራሊያ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሥራ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ብቻ የሚሠራው ነው፤ ራስዎ ብሎን ፈትተው ቢነካኩት ሕግም ይጥሳሉ፣ ሕይወትዎንም ያሰጋሉ። ባለሙያውን ሲጠሩ ሦስት ነገር ይጠይቁ። የኤሌክትሪክ ፈቃድ አለህ? ከአስቤስቶስ ጋር ለመሥራት ሠልጥነሃል? የወጣውን ሰሌዳ የት ትጥለዋለህ? ሰሌዳው በወፍራም ፕላስቲክ ተጠቅልሎና ምልክት ተደርጎበት ወደ ተፈቀደለት ቦታ መወሰድ አለበት እንጂ ቤት ደጃፍ ባለው የቆሻሻ ገንዳ አይጣልም። ዋጋውን ከሁለት ሦስት ባለሙያ በጽሑፍ ተቀብለው ያወዳድሩ። ሥራው ሲሠራ ልጆቹን ያርቁ፣ በአቅራቢያው ያለውን መስኮት ይዝጉ። ብናኝ ቢያዩ በመጥረጊያም ሆነ በቤት ቫኪዩም አይንኩት፤ ይበትነዋል።

ተከራይ ከሆኑ ወጪው የእርስዎ አይደለም። ወረቀቷን ፎቶ አንስተው ለአከራይዎ ወይም ለወኪሉ በጽሑፍ ይላኩ፤ በቃል ብቻ የተነገረ ይረሳል። የሚኖሩት አፓርትመንት ውስጥ ከሆነና ቆጣሪዎቹ በአንድ የጋራ ክፍል ከተደረደሩ፣ ሰሌዳው አብዛኛውን ጊዜ የሕንፃው የጋራ ንብረት ነው። ጥያቄዎን ለባለቤቶች ማኅበሩ ያቅርቡ እንጂ ብቻዎን አይክፈሉ።

ቤት ሊገዙ ያሰቡ ደግሞ የቤት መርማሪው የቆጣሪ ሳጥኑን ከፍቶ እንዲያይ ከመፈራረምዎ በፊት ይንገሩት። ሰሌዳው አጠራጣሪ ከሆነ የማስቀየሪያው ዋጋ ከቤቱ ዋጋ ላይ የሚደራደሩበት ነጥብ ይሆንልዎታል። ከፈረሙ በኋላ ግን ዕዳው ተከትሎዎት ይገባል።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። በዚህ ሳምንት አንድ ቀን ሳጥኑን ይክፈቱና ምንም ሳይነኩ ይመልከቱ። ጥቁር ሰሌዳ ካዩ ፎቶ አንስተው ለባለሙያ ያሳዩ። ቆጣሪ ቀያሪው መጥቶ ባዶ እጁን ከመመለሱ በፊት እርስዎ ቀድመው ቢያውቁት ይሻላል።