ውድ ገመድ ድምፅ ያጠራል?

አንድ ባል ለቤቱ ቴሌቪዥን ስፒከር ሊገዛ ሱቅ ገባ እንበል። ሻጩ ሁለት ዲጂታል ገመዶች ያወጣለታል። አንዱ ተራ ነው፤ ሌላው ጫፉ በወርቅ የተለበጠ፣ ዋጋውም አሥር እጥፍ። «ድምፁን የሚያጠራልህ ይሄኛው ነው» ይለዋል። ባል ውዱን ይገዛና ዋጋውን ለሚስቱ ሳይነግራት ይቀራል። ደረሰኙ ከኪሱ የተገኘ ዕለት በዚያ ቤት የሚሆነውን መገመት አያዳግትም። ነገሩ እዚያ ሳይደርስ፣ ገመዱ ምን እንደሚሠራ አብረን እንመልከት።

ቀይና ነጭ ጫፍ ያለው የቀድሞው ገመድ የድምፁን ሞገድ በኤሌክትሪክ መልክ ያስተላልፋል። በመንገድ ላይ እንግዳ ድምፅ ከገባበት አብሮ ይሰማል። ዲጂታል ገመድ ግን የሚያደርሰው ቁጥር ነው። በሲዲ ላይ ያለ መዝሙር፣ ለግራና ለቀኝ ስፒከር ለእያንዳንዳቸው በሰከንድ 44,100 ቁጥሮች አሉት። ቁጥሮቹ በትክክል ከደረሱ ድምፁ ያው ነው። ካልደረሱ ይቆራረጣል ወይም ይጠፋል። ስለዚህ ለሁለት ሜትር ርቀት ደህና የሆነው ርካሽ ገመድ ካደረሰው ላይ ውዱ የሚጨምረው የለም። ወርቁ መሰኪያውን ከዝገት ይጠብቃል እንጂ መዝሙሩን አያሳምርም።

ታዲያ የትኛውን እንምረጥ? በመጀመሪያ የቴሌቪዥኑንና የስፒከሩን ጀርባ ተመልከቱ።

በሁለቱም ላይ «ኤአርሲ» የሚል ምልክት ያለበት የኤችዲኤምአይ መሰኪያ ካለ እሱን ምረጡ። ይህ አሠራር የመጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። አብዛኛውን ጊዜ በቴሌቪዥኑ ሪሞት ብቻ ድምፁን ከፍና ዝቅ ማድረግ ያስችላል።

ከሌለ፣ ቶሺባ እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጣው ኦፕቲካል ገመድ አለ። ድምፁን በብርሃን ስለሚያስተላልፍ ከመብራት መስመር የሚመጣ እምምታ በእሱ አያልፍም። ነገር ግን አጥብቃችሁ አትጠፉት፤ ጫፉ ላይ ያለውን ትንሽ የፕላስቲክ ክዳንም ማውለቅ አትርሱ። ብዙ ሰው «ተበላሽቷል» ብሎ የሚመልሰው ክዳኑን ሳያወልቅ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ኮአክሲያል ነው። መልኩ ቀይና ነጩን ይመስላል፤ ስትገዙ «75 ኦም» የሚለውን ጠይቁ።

ሁሉን ሰክታችሁ ድምፅ ከሌለ ሌላ ገመድ ለመግዛት አትሩጡ። በቴሌቪዥኑ የድምፅ ማስተካከያ ውስጥ ገብታችሁ «ፒሲኤም» የሚለውን ሞክሩ።

እናንተ ባለትዳሮች፣ ወደ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት የቴሌቪዥኑን ጀርባ አብራችሁ እዩ፤ ርቀቱን ለኩ፤ ምን ያህል እንደምታወጡም ተስማሙ። ለወርቁ ጫፍ ልትከፍሉት የነበረው ገንዘብ ለተሻለ ስፒከር ቢውል ልዩነቱን ጆሮአችሁ ይሰማዋል። ደረሰኙንም መደበቅ አያስፈልግም።