ስኳር ሲበዛ እህል ብቻውን አያድንም

የዕረፍት ደወል ሲደወል ሕፃናት ከትምህርት ቤት ደጃፍ ወደ የትኛው ሻጭ እንደሚሮጡ መምህራን ከእኛ ይልቅ ያውቃሉ። በአንድ ወገን ከረሜላና ለስላሳ መጠጥ፥ በሌላው ወገን በስፍር የሚሸጥ ቆሎ ቢቀርብ፥ የሕፃኑ ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ የሚያደላው ወደ ጣፋጩ ነው። ይህ ነገር ለብዙዎች ቀላል መስሎ ይታያቸው ይሆናል፤ እኛ ግን በዝምታ ልናልፈው አልወደድንም።

ስኳር ለሰውነት ኀይል የሚሰጥ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን በምድጃ ውስጥ ከልክ በላይ እንጨት ቢማገድ ጭሱ ቤቱን እንደሚሞላው ሁሉ፥ በደም ውስጥ ያለው ስኳር ከልክ ባለፈ ጊዜም ሕዋሳት ሲያቃጥሉት ጎጂ የሆኑ የኦክስጅን ቅንጣቶች ይበዛሉ። ሰውነት እነዚህን የሚያመክንበት የራሱ መከላከያ አለው። ቅንጣቶቹ ከመከላከያው ሲያይሉ ግን የሕዋሳትን ስብና ፕሮቲን፥ እንዲሁም የደም ሥሮችን የውስጥ ገጽ ይጎዳሉ። ሊቃውንት ይህን ሁኔታ የኦክሲዴሽን ጫና ይሉታል፤ ከስኳር በሽታና ከልብ ሕመም ጋራም ያዛምዱታል።

ቅርፊቱ ያልተለየ ሙሉ እህል በሁለት መንገድ ይረዳል። አንደኛ፥ ፋይበር የሚባለው አሰር የምግቡን መንሸራሸር ስለሚያዘገይ ስኳሩ ወደ ደም የሚገባው ቀስ እያለ ነው፤ በተለይም የገብስ አሰር በዚህ የታወቀ ነው። ሁለተኛ፥ ቅርፊቱና ቡቃያ የሚወጣበት የእህሉ ክፍል ቪታሚን ኢ፥ ማግኒዝየም፥ ዚንክና ጎጂዎቹን ቅንጣቶች የሚያመክኑ ሌሎች ንጥረ ነገሮች አሉባቸው። ጤፍ ከደቃቅነቱ የተነሣ ከነቅርፊቱ ስለሚፈጭ ይህን ሁሉ እንደ ያዘ ወደ ማዕድ ይደርሳል። ተልባ፥ ሰሊጥና ሱፍም እንዲሁ ጠቃሚ ቅባትና መከላከያ ንጥረ ነገር አላቸው። ተልባ እንዳለ ቢዋጥ ብዙው ሳይንሸራሸር ያልፋልና፥ እናቶቻችን ቆልተው መውቀጣቸው ትክክለኛ ጥበብ ነው። በስንዴው ላይ ግን ተሳስተናል፤ ፍሩሽካውን ለከብት ሰጥተን ነጩን ፉርኖ ዱቄት ለራሳችን አስቀርተናል።

ይህን ሰምቶ «እንግዲያው ቆሎ ከበላሁ ስኳሩ አይጎዳኝም» የሚል ቢኖር ራሱን ያታልላል። ሙሉ እህል የኦክሲዴሽን ጫናን ምን ያህል እንደሚቀንስ ለማወቅ በሰዎች ላይ የተደረጉት ምርምሮች ውጤታቸው አንድ ዓይነት አይደለም፤ ስለዚህ እህልን እንደ ስኳር ማርከሻ መድኃኒት መቁጠር አይገባም። ጭስ ለማስወጣት መስኮት መክፈት መልካም ነው፤ እንጨቱን መቀነስ ግን ይቀድማል። በሶን በስኳር በጥብጦ፥ ተልባንም በስኳር አጣፍጦ መጠጣት በአንድ እጅ የሠሩትን በሌላው ማፍረስ ነው።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፥ በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመረው ስኳር ከዕለቱ የምግብ ኀይል ከመቶ 10 እጅ በታች እንዲሆን፥ ቢቻልም ከመቶ 5 እጅ እንዳያልፍ መክሯል። ይህ የኋለኛው ለአዋቂ ሰው 25 ግራም፥ ማለት 6 የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ጠርሙስ ጣፋጭ ለስላሳ ደግሞ 30 ግራም ያህል ስኳር ይገኝበታል። እንግዲህ አንዲት ጠርሙስ ብቻ የቀኑን ልክ ታሳልፋለች፤ ለሕፃን ሲሆን ልኩ ከዚህም ያንሳል።

ወቀሳው ለሌላው ብቻ አይደለም። ስለ ጤና ለመምከር በተሰበሰብንበት ጠረጴዛ ላይ እኛም የለስላሳ ጠርሙስ ደርድረን ተገኝተናል። በእጃችን የያዝነውን ሕፃኑ ይጣለው ማለት አያምርብንም።

ስለዚህ መምህራን በዕረፍት ሰዓት የሚሸጠው ምን እንደ ሆነ ከወላጆች ጋራ እንዲመክሩበት፥ ወላጆችም ለልጆቻቸው ቆሎና ንጹሕ ውሃ ቋጥረው እንዲልኩ፥ ሁላችንም ከሻያችን በየጊዜው አንዳንድ ማንኪያ ስኳር እንድንቀንስ አደራ እንላለን። ምላስ የለመደውን መልቀቅ እንደሚችል፥ በጾም ወራት ብዙ ነገር ትቶ የሚከርመው ሕዝባችን ራሱ ምስክር ነው።