ከሲኒማው ዓለም፦ «ጤዛ»ን ከልጆች ጋር

የጎንደር ተወላጁ ኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» የተሰኘውን ፊልም ለተመልካች ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ፊልሙ በዚያው ዓመት በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ በፌስፓኮ ፌስቲቫል ታላቁን ሽልማት አግኝቷል።

ባለታሪኩ አንበርብር ጀርመን ሕክምና ተምሮ ወገኑን ሊያገለግል አገሩ ይገባል። የጠበቀው ግን የደርግ ዘመን ነው። በኋላም ጀርመን ውስጥ ዘረኞች አደጋ ጥለውበት እግሩን ያጣል። ወደ እናቱ መንደር ሲመለስ ልጆች ለጦርነት ሲታፈሱ ያያል።

ፊልሙ 140 ደቂቃ ይፈጃል፤ ታሪኩም ወደፊትና ወደኋላ ስለሚመላለስ ተመልካችን ሊያደክም ይችላል። ቢሆንም ጥፋቱን ሁሉ በደርግ ላይ ጥሎ አያልፍም። ተማርን ያሉት ራሳቸው በሐሳብ ተለያይተው እርስ በርስ ሲጠፋፉ ያሳያል።

በስደት የተወለዱ ልጆች «አገራችሁን ለምን ለቃችሁ መጣችሁ?» ሲሉ ብዙ ወላጅ ወሬ ይቀይራል። «ጤዛ»ን አብሮ ማየት ለዚህ ይጠቅማል። ፊልሙ ሲያልቅ ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ ጥያቄውን መቀበል የወላጅ ፋንታ ነው። ያን ዘመን ያየ ሰው ዝም ካለ፣ ልጁ ታሪኩን የሚሰማው ካላየው ሰው ነው።