ውሃ የሚተኛበት ሜዳ ለአርሂባ

ጅቡቲ ከተማ በዓመት የምታገኘው ዝናብ 200 ሚሊ ሜትር አይሞላም። አደጋው ያለው አመጣጡ ላይ ነው። ወራት ሙሉ ጠፍቶ ይከርምና በሰዓታት ውስጥ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2004 የአምቡሊ ደረቅ ወንዝ ሞልቶ ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በ2019ም ከተማዋ ዳግም በጎርፍ ተጥለቀለቀች።

አርሂባ የወደብ ሠራተኞች የኖሩበት የአፋር ሰፈር ነው። እንዲህ ባሉ ዝቅተኛ ሰፈሮች ባሕሩ ሲሞላ ቦዩ ውሃውን የሚያፈስበት ያጣል። ስለዚህ ቦይ ማስፋት ብቻውን አያድንም፤ ባሕሩ እስኪመለስ ድረስ ውሃው የሚቆይበት ቦታ ያስፈልጋል። ያ ቦታ መናፈሻ ሊሆን ይችላል ባይ ነኝ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ሄክታር የኳስ ሜዳ ከዙሪያው መንገድ ግማሽ ሜትር ዝቅ ቢል 5,000 ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ10 ሄክታር ቆርቆሮና አስፋልት ላይ ሲወርድ የሚሰጠው ውሃ ይህንኑ ያህላል። የዴንማርኳ ኮፐንሃገን እ.ኤ.አ. በ2011 ዶፍ ከወረደባት በኋላ ኤንግሃቨ የተባለውን አሮጌ መናፈሻዋን ከ20,000 ሜትር ኩብ በላይ እንዲይዝ አድርጋ ሠርታዋለች።

ከኮፐንሃገን ግን ሐሳቡን እንጂ ሣሩን መውሰድ አይገባም። ጅቡቲ እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ የምትጠጣውን ውሃ ከፊሉን የምታስመጣው ከኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል፣ ከሃዳጋላ፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል በተዘረጋ ቧንቧ ነው። በዚያ ውሃ ሣር ማጠጣት ግፍ ነው። የአርሂባ መናፈሻ የተደለደለ አፈር፣ ዳር ዳሩን ኒምና ቴምር፣ ዙሪያውን ሰው የሚቀመጥበት የድንጋይ ደረጃ ይበቃዋል። መግቢያው ላይ አሸዋና ፌስታል የሚያስቀር ጉድጓድ፣ መውጫው ላይ የባሕሩን ውሃ ወደ ውስጥ የማያስገባ መዝጊያ ይኑረው። በባሕር ዳር የከርሰ ምድር ውሃ ቅርብና ጨዋማ ስለሆነ በጥልቀት መቆፈር አይጠቅምም፤ ስፋት ይሻላል።

አንድ ነገር በብርቱ ያሳስበኛል። በከተማ ውስጥ የሚራባው የእስያ ወባ ትንኝ በአፍሪካ ቀንድ መጀመሪያ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2012 በጅቡቲ ነው። ውሃው ከሁለት ቀን በላይ ከተኛ መናፈሻው የትንኝ ማራቢያ ይሆናል። ስለዚህ መውጫው እንዳይደፈን የሚደረገው ጽዳት እንደ ግንባታው ሁሉ በጀትና ተጠያቂ ይፈልጋል።

የአምቡሊን ሙላት ግን የትኛውም የሰፈር ሜዳ አያቆመውም። እሱ ከላይ ተፋሰሱ ላይ የውሃ ማቆያ፣ ከታች ደግሞ ያልተገነባበት ዳርቻ ይሻል። ከጅቡቲ በሚነሣው የባቡር መስመር ላይ ያለችው የኢትዮጵያዋ ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ2006 ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው አጥታለች፤ ደቻቱም አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። የአምቡሊ የአትክልት ቦታዎችና የቴምር ዛፎች የወንዙ መፈሰሻ አካል ናቸውና ለቤት መሥሪያ ሊሸነሸኑ አይገባም።

የከተማዋ አስተዳደር ከሁሉ አስቀድሞ በአርሂባና በአጎራባች ሰፈሮች የቀሩትን ባዶ ቦታዎች የጎርፍ ማቆያ ብሎ በካርታ ያስመዝግብ። ቤት ከተሠራባቸው በኋላ ነዋሪ ማንሳት ይመጣል፤ ያንን ዋጋ ደግሞ የሚከፍለው ድሃው ነው።