ጨውን ከውኃ የሚለየው ስስ ገለፈት

ለሐጅም ሆነ ለሥራ ጅዳ የደረሰ ሰው የሚጠጣው ውኃ ከየት እንደሚመጣ አስቦ ያውቃልን? በከተማዋ ወንዝ የለም። የቧንቧዋ ውኃ በአብዛኛው ከቀይ ባሕር ተቀድቶ ጨው የተለየው ነው። የቀይ ባሕር አንድ ሊትር ውኃ 40 ግራም ያህል ጨው ይዟል። ቀድሞ ይህን ጨው መለየት የሚቻለው በአብዛኛው ውኃውን አፍልቶ እንፋሎቱን በማቀዝቀዝ ነበር፤ ብዙ ነዳጅ ይፈጃል። ዛሬ ግን ውኃውን ሜምብሬን በሚባል ስስ ገለፈት ውስጥ በከፍተኛ ግፊት ማሳለፍ ቦታውን እየወሰደ ነው። በዚህ ወር አምዳችን ገለፈቱ እንዴት እንደተሻሻለ እንመለከታለን።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ሴሉሎስ አሲቴት ከተባለ ነገር የተሠራ ገለፈት ጨውን እንደሚያስቀር አረጋገጡ። ሆኖም ውኃው የሚያልፈው እጅግ በዝግታ ነበር። ገለፈቱ ቢሳሳ ግፊቱን አይችልም፤ ቢወፍር ውኃ አያሳልፍም። መላውን ያገኙት በሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ሲድኒ ሎብና ስሪኒቫሳ ሱሪራጃን ናቸው። ላዩ እጅግ ስስና ድፍን፣ ሥሩ ግን እንደ ስፖንጅ የተበሳሳ ገለፈት ሠሩ። ላዩ ጨውን ያግዳል፤ ሥሩ ግፊቱን ይሸከማል። የሚያልፈው ውኃ ወደ 10 እጥፍ ጨመረ። በ1965 ኮሊንጋ የተባለች የካሊፎርኒያ ከተማ በዚህ ዘዴ የተጣራ ውኃ መጠጣት ጀመረች።

በ1970ዎቹ ደግሞ ጆን ካዶት ላዩን ከፖሊአማይድ ሠራው። ዛሬ በብዛት የሚያገለግለው ይኸው ነው። ጉድለቱ ክሎሪን የሚያበላሸው መሆኑ ነው። ክሎሪን ከሌለ ደግሞ ባክቴሪያ ይራባበትና የሚያዳልጥ አተላ ሠርቶ የውኃውን መተላለፊያ ይዘጋል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ክሎሪን የሚችል፣ አተላም የማይዝ ገለፈት ለማግኘት ይደክማሉ።

ይህ ጉዳይ ቤታችንም ይገባል። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ በከርሰ ምድር ውኃ የሚገኘው ፍሎራይድ የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፣ ሲበዛም አጥንትን ይጎዳል፤ በማፍላትም አይጠፋም። ደኅና ሜምብሬን ግን አብዛኛውን ያስቀረዋል። እንግዲህ ባለ ሜምብሬን ማጣሪያ ያለን ሁሉ ከፊቱ የሚገጠመውን የከሰል ማጣሪያ በወቅቱ እንለውጥ፤ ክሎሪኑን ይዞ የሚያስቀረው እርሱ ነው። ሜምብሬኑንም በበረኪና አንጠብ። የተጎዳ ገለፈት ጥርት ያለ ውኃ እየሰጠን ፍሎራይዱን ሊያሳልፍ ይችላልና በዓይናችን ብቻ አንመን፤ ውኃውን በየጊዜው እናስመርምር።