የአሮጌ ፒክአፕ ጋቢና እና የሚያዝያ ፀሐይ

የአሮጌ ፒክአፕ ጋቢና ከሦስት በኩል ይሞቃል፤ ከጣሪያው ቆርቆሮ፣ ከመስታወቱና ከሞተሩ። በአዲስ አበባ ነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ከሳሪስ እስከ ጀሞ፣ ከጎፋ እስከ ለቡ፣ ሲሚንቶና ብሎኬት፣ አትክልትና የቤት ዕቃ ሲያመላልሱ ከሚውሉት አሮጌ ሃይሉክሶች ብዙዎቹ ሲሠሩም ኤሲ አልነበራቸውም፤ የነበራቸውም ቢሆኑ ጋዙ ካለቀ ቆይቷል። መኪናውን በአዲስ መተካት ደግሞ ከብዙ ባለቤቶች አቅም በላይ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ከጣለ ወዲህ፣ አንዴ አገር የገባ ፒክአፕ እየተጠገነ ብዙ ዘመን ይሠራል። ሾፌሩና ረዳቱ በዚያ ጋቢና ውስጥ ቀኑን ሙሉ ስለሚውሉ ሙቀቱ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሙቀት ያደነዘዘው ሾፌር ፍሬን ለመያዝ ይዘገያል። መፍትሔው ግን ብዙ ሰው እንደሚያስበው ኤሲ ከማስገጠም አይጀምርም።

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች፣ በመጋቢትና በሚያዝያ እንኳ የቀኑ አየር ብዙ ጊዜ ከ25 ዲግሪ እምብዛም አይርቅም። ጨረሩ ግን በሳሳው አየር ውስጥ ብዙም ሳይደክም ይደርሳል። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ በመሆኗ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ልክ አናቷ ላይ ትቆማለች፤ አንዱ በሚያዝያ የመጀመሪያ ቀናት፣ ሌላው በነሐሴ መጨረሻ ገደማ። የነሐሴውን ደመና ይሸፍነዋል። የሚያዝያው ግን ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ በቀጥታ ጣሪያው ላይ ያርፋል። ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የወጣና በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ የውጭው አየር ከ22 እስከ 36 ዲግሪ በሆነባቸው ቀናት የቆመ መኪና ውስጥ ያለው ሙቀት በአንድ ሰዓት በአማካይ 22 ዲግሪ ያህል እንደጨመረ፣ ከጭማሪውም አብዛኛው በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት እንደመጣ አሳይቷል። መስታወቱን በጥቂቱ ዝቅ ማድረግ ብዙም አልረዳም። በሳሪስ ገበያ ዳር ለ"አምስት ደቂቃ" ተብሎ ልጅን ጋቢና ውስጥ ቆልፎ መሄድ፣ ቀኑ ምንም ቀዝቃዛ ቢመስል፣ መደረግ የሌለበት ነገር ነው።

ሥራው ከጣሪያው ይጀምራል፤ ብዙ ውጤት በትንሽ ወጪ የሚገኘውም እዚህ ነው። በካሊፎርኒያ የሚገኘው የሎውረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች አንድ ጥቁርና አንድ ብርማ መኪና ጎን ለጎን ፀሐይ ላይ አቁመው ሲለኩ፣ የብርማው የውስጥ አየር ከ5 እስከ 6 ዲግሪ ቀዝቅዞ ተገኝቷል። ነጭ ቀለም ከብርማም የተሻለ ጨረር ይመልሳል። መኪናው ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ ከሆነ ሁሉን መቀባት አያስፈልግም፤ ጣሪያውን ብቻ ነጭ ማድረግ ይበቃል፤ የቀለም ለውጥ ግን በሊብሬው ላይ ካለው ጋር እንዳይጋጭ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ከውስጥ በኩል የአሮጌ ፒክአፕ ኮርኒስ ብዙ ጊዜ ስስ ካርቶን ነው፤ ከላዩ ባዶ ቆርቆሮ አለ። ኮርኒሱን አውርዶ አልሙኒየም የለበሰ ስፖንጅ ቆርቆሮው ላይ መለጠፍ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ በክረምት የዝናቡንም ጩኸት ይቀንሳል።

መስታወትን በተመለከተ ጥቁር ላስቲክ መለጠፍ ከትራፊክ ፖሊስ ጋር ያጣላል፤ ማታም እይታ ይጋርዳል። ይልቅ አቋቋምን ማወቅ ይሻላል። ከኅዳር እስከ ጥር ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል፣ አፍንጫውን ወደ ሰሜን አዙሮ የቆመ መኪና የፊት መስታወቱ ከቀጥታ ጨረር ይድናል። በሚያዝያ ግን አቅጣጫ ብዙ አይጠቅምም፤ የዛፍ ወይም የፎቅ ጥላ መፈለግ ነው። ክሩስኮቱ ላይ የሚዘረጋ ብርማ መጋረጃ፣ እሱም ከጠፋ ነጭ ጨርቅ፣ መሪውንና ክሩስኮቱን ከመጋል ያድናል።

ሦስተኛው ምንጭ የተረሳው ነው። ብዙ ሾፌር "ሞተሩ ነው የሚያሞቀን" ብሎ ይተወዋል፤ ይሁንና ሙቀቱ የሚገባበት ቀዳዳ ይታወቃል፤ ይደፈናልም። መጀመሪያ መታየት ያለበት ሂተሩ ነው። በአሮጌ ሃይሉክስ ላይ ከሞተሩ የሚወጣው 80 እና 90 ዲግሪ የደረሰ ውሃ በቫልቭ በኩል አልፎ ክሩስኮት ውስጥ ወዳለው ትንሽ ራዲያተር ይሄዳል። ቫልቩ ዝጎ ክፍት ከቀረ፣ ማዞሪያው "ቀዝቃዛ" ላይ ቢሆንም ጋቢናው በጋውን ሙሉ በምድጃ ላይ እንደተጣደ ድስት ይግላል። ሁለቱን የሂተር ጎማዎች በእጅ ሲነኩ፣ ሂተሩ ተዘግቶ ሳለ ሁለቱም የሚፋጁ ከሆነ ቫልቩ አልዘጋም ማለት ነው። ቫልቩን መቀየር፣ ካልተገኘም ሁለቱን ጎማዎች እርስ በርስ ማገናኘት ሙቀቱን ያቆመዋል። ቀጥሎ የካምቢዮ ዘንግ የሚወጣበት ጎማ ይታያል፤ ከተቀደደ የሞተር ትኩሳት ብቻ ሳይሆን አቧራና ጭስም በዚያ ይገባል። የማርሚታ ጭስ ያለበት ጋቢና ራስ ያሳምማል፣ ያስተኛልም፤ ስለዚህ ይህ ጥገና ለነገ ሊባል አይገባውም። የኤሌክትሪክ ሽቦዎች ከሞተር ወደ ውስጥ የሚያልፉባቸው የጎማ ቀለበቶችም ደርቀው ሲወድቁ ቀዳዳቸውን ሳይደፍኑ መተው የተለመደ ነው።

ሙቀቱ ከታገደ በኋላ አየር ማዘዋወር ይቀላል። ንጹሕ አየር የሚገባው ከፊት መስታወቱ ግርጌ ነው፤ የዛፍ ቅጠል ሞልቶት እንደሆነ ማጽዳት ይገባል። የድሮዎቹ ላንድክሩዘር ፒክአፖች በር ላይ ያሉት ሦስት ማዕዘን መስታወቶች ወደ ውስጥ ሲገለበጡ ነፋሱን ደረት ላይ ያመጡታል፤ ተበላሽተው በማስቲሽ የታሸጉትን ማስከፈት ዋጋ አለው።

መኪናው ከቃሊቲ ወርዶ በሞጆና በአዳማ አልፎ ወደ አዋሽ ሲዘልቅ ነገሩ ይለወጣል። ቁልቁለቱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ነው፤ በየሺህ ሜትሩም አየሩ 6 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። አፋር ውስጥ አየሩ ከሰውነት ቆዳ በላይ ሲሞቅ፣ በመስኮት የሚገባው ነፋስ ራሱ ያሞቃል፤ የሚያቀዝቅዘው ላብ ብቻ ነው። እዚያ ውሃ ሳይጠሙ ቶሎ ቶሎ መጠጣትና እርጥብ ፎጣ አንገት ላይ መጣል ከየትኛውም ዕቃ ይበልጣል።

ለእንዲህ ዓይነቱ መንገድ ኤሲ ይፈለጋል፤ ግን ዋጋው በብር ብቻ አይቆጠርም። በአዲስ አበባ አየሩ ከባሕር ጠለል አየር ከአምስት አንድ እጅ በላይ የሳሳ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር ቀድሞውንም ደክሟል፤ የኤሲው ኮምፕሬሰር ከተረፈው ጉልበት ይቀንሳል። ከራዲያተሩ ፊት የሚታሰረው ኮንደንሰርም የሞቀ አየር ወደ ራዲያተሩ ይልካል። እዚህ ከፍታ ላይ ክፍት ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ጤነኛ የራዲያተር ክዳን ግን ግፊት ይዞ ከ110 በላይ ያደርሰዋል። ስለዚህ ኤሲ ከማሰብ በፊት ክዳኑን መቀየር፣ ራዲያተሩን ማሳጠብና ቺንጊያውን ማየት ይቀድማል። ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ በፊት የተሠራ ኤሲ የሚጠቀመው አር 12 የሚባለውን፣ በ1987 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት ከገበያ ያወጣውን ጋዝ ነው። እንዲህ ባለው ኤሲ ውስጥ ዘይቱን ሳይቀይሩ አር 134ኤ የተባለውን ጋዝ መሙላት ኮምፕሬሰሩን ያለ ቅባት አስቀርቶ ያደርቀዋል። በትክክል የተገጠመው ደግሞ መስኮት ተከፍቶ የታመቀው ትኩሳት ከወጣ በኋላ ይበራል፤ ጭነት ይዞ ከሞጆ ወደ ደብረ ዘይት ሽቅብ ሲወጣ የሙቀት መለኪያው ከፍ ካለ መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው።