ቺንጋው መቼ ተቀየረ?

እኛ ሰፈር፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ መኪና መግዛት የግል ጉዳይ አይደለም። ለቅሶ ቤትም፣ ክርስትና ቤትም፣ የቅዳሜ ቡና ላይም ይመከርበታል። ምክሩ ደግሞ ሁሌም አንድ ነው፤ ቶዮታ። ልጆች ካሉሽ ሲዬና፣ ከሌሉሽ ካምሪ፣ ገንዘብ ከተረፈሽ ሃይላንደር። ክፉ ምክር አይደለም። ባለቤቴ ዛሬም ካምሪውን ይነዳል፤ ዘይት ከመቀየርና ጎማ ከመግዛት በቀር ይህ ነው የሚባል ወጪ አስወጥቶት አያውቅም።

እኔ ግን ከ6 ዓመት በፊት አሮጌ ቮልቮ ገዛሁ። የ2006 ቪ70 አር። ስቴሽን ዋገን ናት፤ ከፊት እንደማንኛውም አውቶሞቢል ዝቅ ያለች፣ ከኋላ ግን ጣሪያዋ እስከ መጨረሻው የተዘረጋ፣ የዕቃ መጫኛዋ ከተሳፋሪው ክፍል ጋር አንድ የሆነ። ቆማ ያያት ሰው የጡረተኛ መምህር መኪና ይላታል። ኮፈኗ ሲከፈት ነው ነገሩ የሚለየው። ባለ 5 ሲሊንደር ቱርቦ ሞተር፣ 300 የፈረስ ጉልበት፣ አራቱንም ጎማ የሚያንቀሳቅስ ካምቢዮ፣ በአራቱም ጎማ ላይ ብሬምቦ የሠራው ፍሬን። ይህች ባለ 300 ፈረስ ጉልበት «አር» አሜሪካ ውስጥ የተሸጠችው ከ2004 እስከ 2007 ሞዴል ድረስ ብቻ ነው።

ቮልቮ ይህን የመሰለ እብደት ሲሠራ የመጀመሪያው አልነበረም። በ1994 በብሪታኒያ የቱሪንግ መኪኖች ሻምፒዮና ላይ 850 ስቴሽን ዋገን ይዞ ቀረበ። ሰው ሳቀ። ሯጮቹም አልተከፉም፤ በአንድ የማሳያ ዙር ላይ ከኋላ ትልቅ የአሻንጉሊት ውሻ ጭነው ዞሩ። በዚያ ዓመት አንድም ውድድር አላሸነፉም፤ ቤተሰብ የሚጭን መኪና መሮጥ ይችላል የሚለው ሐሳብ ግን ከዚያ ወዲህ አልጠፋም።

«ምን ልታደርጊባት ነው?» ብሎ ባለቤቴ ሲጠይቀኝ ደህና መልስ አልነበረኝም። አሁን አለኝ። ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሼ ቤልትዌይ ላይ ስወጣ፣ እስከ ሥራ ቦታዬ ያለው 40 ደቂቃ በቀን ውስጥ ማንም «ማሚ» የማይለኝ፣ ስልክ የማላነሳበት ብቸኛው ጊዜ ነው። ያን ጊዜ በምወደው መኪና ውስጥ ማሳለፍ ፈለግሁ። ሁለት መኪና ለመያዝ አቅም የለኝም፤ ስለዚህ የምወደው መኪና ጋሪም፣ ሻንጣም፣ እንጀራም መጫን ነበረበት።

ልገዛት ስሄድ ጋሼን ይዤ ነው የሄድኩት። ጋሼ አጎቴ ነው፤ ዲሲ ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ ታክሲ ነድቷል። መኪናዋን ሁለት ጊዜ ዞራት፣ ጎንበስ ብሎ ጎማዎቹን አየ፣ ኮፈኑን ከፈተ። ስለ ፈረስ ጉልበቱ ምንም አላለም። «ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ ጠይቂው» አለኝ። ጠየቅሁት። ሻጩ ተቀይሯል አለ። «ደረሰኙስ?» ደረሰኝ የለም። ጋሼ ወደ እኔ ዞሮ በአማርኛ፣ «ልጄ፣ ደረሰኝ የሌለው ቺንጋ አልተቀየረም። ዋጋውን ቀንሺና ውሰጂያት፤ ከዚህ ቀጥታ ጋራዥ እንጂ ቤት እንዳትሄጂ» አለኝ።

እንዳለው አደረግሁ። መኪናዋ 112 ሺህ ማይል ሄዳ ነበር። መካኒኩ ሽፋኑን ሲያነሳ ቺንጋው ሙሉ በሙሉ ተሰነጣጥቆ አገኘው። የዚህ ሞተር ቺንጋ ከ100 ሺህ ማይል ትንሽ አለፍ ሲል፣ ወይም ማይሉ ባይሞላም 10 ዓመት ገደማ ላይ መቀየር አለበት። ቢበጠስ ቫልቮቹ ከፒስተኖቹ ጋር ይጋጫሉ፤ ቴስታታው ይወርዳል፤ የጥገናው ሒሳብም መኪናዋ ከተገዛችበት ሊበልጥ ይችላል። ሜሪላንድ አሮጌ መኪና ስትገዙ የደኅንነት ምርመራ እንድታልፍ ይጠይቃል፤ ምርመራው ግን ፍሬንና መሪ፣ ጎማና መብራት እንጂ ቺንጋ አያይም። አልፋለች ማለት ጤነኛ ናት ማለት አይደለም።

ከዚያ በኋላ የተማርኩት ትልቁ ነገር ይህ ነው፦ መኪናዋ እኔ ዘንድ ስትደርስ ዋጋዋ ወርዷል፤ የመለዋወጫዋ ዋጋ ግን አልወረደም። አዲስ ሳለች ውድ መኪና ነበረች፤ ጋራዥ ውስጥም እስከ ዛሬ ውድ መኪና ናት። ሾክ አብዞርበሮቿ በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዙ ናቸው። ከፊት ያሉትን ሦስት ቁልፎች በመጫን ወይ ታለሰልሷታላችሁ ወይ ታጠነክሯታላችሁ። አንዱ ሲበላሽ ግን ሒሳቡን አይቼ ወንበር ፈለግሁ። ጎማም እንደዚያው ነው። ባለአራት ጎማ ጉልበት ስለሆነች አራቱም ጎማዎች እኩል ያለቁ መሆን አለባቸው፤ አንድ ጊዜ አንዱን ጎማ ምስማር ጎኑ ላይ ወግቶት፣ ጎሚስታው ሊለጥፈው ስላልቻለ ብቻ አራቱንም ገዛሁ። ቤንዚኗ ፕሪሚየም ነው፤ ከተማ ውስጥ በጋሎን 17 ማይል፣ ረጅም መንገድ ላይ 25 ገደማ ትሄዳለች። የባለቤቴ ካምሪ በዚህ ይስቃል።

በሁለተኛው ዓመት ላይ ብልሃት አበጀሁ። ለመኪናዋ ዕቁብ ጣልኩላት። ዕቁብተኛዋም ሰብሳቢዋም እኔ ነኝ። በየወሩ 150 ዶላር ለብቻው በተከፈተ ሒሳብ ውስጥ ይገባል፤ ብትበላሽም ባትበላሽም። ከቤት ወጪ ሳንቲም አትነካም። ከዚያ ወዲህ እኔና ባለቤቴ በመኪናዋ ምክንያት የተጨቃጨቅነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እመጣበታለሁ። ይህን ያህል በየወሩ ማስቀመጥ የማይችል ሰው ፈጣን አሮጌ መኪና ባይገዛ እመክራለሁ። ዕዳው የሚመጣው በወር ሳይሆን በአንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው።

የምትሰጠውስ? እናቴ ከአዲስ አበባ ስትመጣ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ አምስት ሆነን ተመለስን። የእሷ ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣዎች፣ የእጅ ቦርሳዋ፣ ለጎረቤት ልጅ አደራ የተላከ በርበሬና ሽሮ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ መሶብ፤ ሁሉም ከኋላ ገባ። እናቴ ጉልበቷን ያማታል። የእህቴ ኤስዩቪ ውስጥ ስትገባ ሁለት ሰው ይደግፋታል፤ እዚህች ላይ ግን ቁጭ ብላ እግሯን አስገባችና «ይቺ ለአሮጊት የተሠራች ናት» አለች። ማንም አላረማትም።

የኋላ ወንበሩ ለሦስት ተከፍሎ ይታጠፋል፤ መሐሉን ብቻ አጥፋችሁ ግራና ቀኝ ልጅ አስቀምጣችሁ በመሐል የመጋረጃ እንጨት ታሳልፋላችሁ። በረዶ ሲጥል የክረምት ጎማ ካሰርኩላት ሰፈራችን ያለውን ዳገት እንደ ፍየል ትወጣዋለች። አውራ ጎዳና ላይ መግቢያው አጭር ሆኖ ከኋላ የጭነት መኪና ሲመጣ፣ ነዳጅ መስጫውን ስጫን ያለ ጭንቀት እገባለሁ። ባለፈው ዓመት ከፊቴ ከሚሄድ ፒካፕ ፍራሽ ወደቀ፤ ቆምኩ። ይኸው ነው፤ ቆምኩ፤ ከኋላ ያሉት ልጆች ከስልካቸው ቀና እንኳ አላሉም። ስለ ጉልበቷ ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል፤ ስለ ፍሬኗ የጠየቀኝ የለም።

ንጹሕ ነኝ አልልም። ዲሲ ውስጥ የፍጥነት ካሜራ ሁለት ጊዜ ይዞኛል፤ ሁለቱም በአንደኛው ዓመት።

አሁን ወደ ጭቅጭቁ። የበኩር ልጄ ባለፈው ክረምት 15 ዓመት ከ9 ወር ሞላው። ሜሪላንድ ውስጥ የተማሪ መንጃ ፈቃድ የሚወጣው በዚያ ዕድሜ ነው። ከዚያ ከወላጅ ጋር 60 ሰዓት መንዳት አለበት፤ ከዚያም ውስጥ 10ሩ በማታ። ልጁ ገና ወረቀቱን ከመያዙ «በማሚ መኪና ነው የምማረው» አለ። ባለቤቴ ሹካውን አስቀመጠ። «በ300 ፈረስ መንዳት አይማርም። ከዚህ ቤት ወይ ያቺ መኪና ትወጣለች፣ ወይ ቁልፏ ይደበቃል።»

አንድ ሳምንት ኮረፍኩ። መኪናዬን የሰደበብኝ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ቁጭ ብዬ አነበብኩ። በአሜሪካ የመኪና አደጋን የሚያጠናው የኢንሹራንስ ድርጅቶች ተቋም ለወላጆች ከሚሰጠው ምክር አንዱ ለጀማሪ ልጅ ጉልበተኛ መኪና አትስጡ የሚል ነው። የኢንሹራንሳችንንም ሰው ደውዬ ጠየቅሁ፤ የልጁ ስም በእኔ መኪና ላይ ሲገባ የሚጠይቀንን ሰማሁ። ባለቤቴ ልክ ነበር፤ እንደዚያ ብዬም ነገርኩት። ግን አልሸጥኳትም። ቁልፏ ከቦርሳዬ አይወጣም፤ ልጁ 60ውን ሰዓት በካምሪ ይጨርሳል። እንሽጣት የሚለው ጥያቄ ሙሉ መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ እንደገና ይነሳል፤ ያኔ ምን እንደምል ገና አልወሰንኩም።

አንድ ነገር ብቻ አስፈቀድኩ። ባለፈው እሑድ ማታ፣ ካምሪው ላይ 41ኛ ሰዓቱን ሲጨርስ፣ ባዶ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ መሪውን ሰጠሁት። ፍጥነት ላሳየው አልፈለግሁም። በ30 ማይል ነድቶ ፍሬኑን በሙሉ ኃይሉ እንዲረግጥ፣ ፔዳሉ ከእግሩ ሥር ሲንቀጠቀጥ እንዳይደነግጥ፣ እንዳይለቅ ነው። ሦስት ጊዜ አቆማት። በአራተኛው እጁ አልተንቀጠቀጠም። ባለቤቴ ከኋላ ተቀምጦ የበሩን እጀታ ይዞ ነበር።

ወደ ቤት ስንደርስ መንገዳችን ላይ እንዲያዞራት ፈቀድኩለት። ይህቺ መኪና መዞር ላይ ደካማ ናት፤ የፊት ጎማዎቿ ሰፊ ስለሆኑ መሪው ብዙ አይታጠፍላትም። ካምሪው በአንዴ የሚዞርበት ቦታ ላይ አንዴ ወደፊት፣ አንዴ ወደኋላ፣ እንደገና ወደፊት። ጎረቤታችን መኪናውን አቁሞ ይጠብቀናል። ልጄ አላበው።

«ማሚ፣ ፈጣን ናት ብለሽኝ አልነበር? መዞር እኮ አትችልም!»

ከኋላ ባለቤቴ ሲስቅ ሰማሁት።